ሻንጣ የታሰረበት ቀበቶ

ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በሙሉ ጤና፣ በሙሉ እንቅልፍ ያግኝህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ከማስተማር ሥራ ጡረታ የወጣው ከእኔው ጋር ስለሆነ አልፈርድበትም።

የላክኸው ሻንጣ በሰላም ደርሷል። ያመጣው መንገደኛ ጨዋ ሰው ነው፤ ደጃፍ ላይ አውርዶ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ጫማው ልክ እንደ እግሬ ሆነ። ብርድ ልብሱን የወንድምህ ሚስት ገና ሳይታጠፍ ወሰደችው።

አሁን ወደ ጩጬ ልምጣ። ታናሽ ወንድምህ ይህን ስም እስከ ዛሬ አልተላቀቀውም። የጋራዡን በር ሲገባ አንገቱን ሰብሮ የሚገባ ሰው «ጩጬ!» ተብሎ ሲጠራ አዲስ ደንበኞች ዞር ዞር ብለው ትንሽ ልጅ ይፈልጋሉ። እናም ሻንጣውን ስንፈታ ሁላችንም ወደ ውስጥ ስናይ እሱ ዓይኑ ውጭው ላይ ቀረ። አንተ ሻንጣውን ያሰርህበትን ቢጫ ቀበቶ አንስቶ፣ በሁለት እጁ ወጥሮ፣ «ጋሼ፣ ልብሱን እናንተ ተከፋፈሉት። ለእኔ የላከልኝ ይህችን ነው» አለ። እንደ መዳፍ የሰፋ፣ ሁለቱ ጫፎቹ ታጥፈው እንደ ቀለበት የተሰፉ ቀበቶ ነው። እንዲህ ያለውን በሥዕል እንጂ በእጁ ይዞ እንደማያውቅ ነገረኝ።

እንደምታውቀው ሞተር ከመኪና የሚያወጣው በአንድ አሮጌ የሽቦ ገመድ ነበር። ሽቦው እየተፈታ መዳፉን ይወጋዋል። በማግስቱ ቀበቶውን በጭነት መኪና ሞተር ዙሪያ አዙሮ፣ ቀለበቶቹን በፓራንኮው፣ በዚያ በሰንሰለት ማንሻው መንጠቆ ላይ ሰክቶ፣ ሰንሰለቱን ሳብ ሳብ ሲያደርገው ያ ሁሉ ብረት ያለ ድምፅ ከፍ አለ። እኔም ቆሜ አይቻለሁ። ወንድምህ ላቡን እየጠረገ፣ «አየህ ጋሼ፣ ታላቄ እዚያ ሆኖ እዚህ ያነሳል» አለኝ። ማታ ማታ ቀበቶውን በር ላይ ይሰቅለዋል፣ መንገደኛ እንዲያየው።

ገንዘብ እንዳልጠይቅህ ብሎኛል። አንድ ሌላ ቀበቶ ከተገኘ ግን አይጠላም። መልእክቱን አድርሻለሁ።

ፈጣሪ መግቢያህንም መውጫህንም ይጠብቅ።

አጎትህ


ኅዳር 14 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤናዎ ይብዛ፣ ጉልበትዎንም ፈጣሪ ይመልስልዎ። ከሰላምታው ቶሎ ስለምወጣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ስልክ ቤት ሮጬ ነበር፤ የሰፈራችሁ ባለሱቅ ስልክ ግን አሁንም አይሠራም።

ጋሼ፣ ያ ቀበቶ ስጦታ አልነበረም። የሻንጣው ዚፕ ስለተበላሸ መንገድ ላይ እንዳይከፈት ያሰርኩበት ነው። ለማሰሪያ እንጂ ለማንሻ አይሆንም። የተጣለ ዕቃ ነው።

ሥራዬን በደንብ ነግሬዎት አላውቅም። እዚህ ወደቡ ላይ ጭነት አስሬ ለክሬን የማቀርበው እኔ ነኝ፤ የማንሻ ዕቃዎቹን የምመረምረውም እኔ ነኝ። ጠዋት ክሬኑ ሳይነሳ ሰንሰለቱን፣ የሽቦ ገመዱን፣ መንጠቆውን፣ ቀበቶውን አንድ በአንድ አያለሁ። የሰንሰለት ቀለበት ተስቦ ረዝሞ እንደሆነ፣ የመንጠቆ አፍ ከፈት ብሎ እንደሆነ፣ መዝጊያ ምላሱ ይመለስ እንደሆነ። ቀበቶ ሲሆን ዳር ዳሩን በጣት እየዳሰስኩ እሄዳለሁ። ዳሩ ከተቆረጠ፣ ስፌቱ ከላላ፣ ፀሐይ ወይም አሲድ አድርቆት እንደ ካርቶን ከተንኮሻኮሸ አያልፍም። ምን ያህል ክብደት እንደሚችል የተጻፈበት መለያው ከጠፋ ደግሞ ምንም ባይጎዳ እንኳ አያልፍም፤ የማይታወቅ ነገር ላይ ጭነት አይሰቀልም።

እናንተ ጋ ያለው ቀበቶ መለያ አለው? የለውም። እኔ ነኝ አላሳልፍም ያልኩት። ያላለፈ ዕቃ ቀይ ሣጥን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያም ይቆረጣል። የምንቆርጠው ሌላ ሰው ደህና መስሎት እንዳያነሳበት ነው። እኔ ከሣጥኑ አውጥቼ ሻንጣ አሰርኩበት። ያን ጊዜ ያየሁት ሻንጣውን ብቻ ነበር። እናንተ ጋ የዕቃ ማሰሪያ እንደማይጣል እንዴት እንደረሳሁ አላውቅም። እዚያው አድጌ!

እባክዎ ከበሩ ያውርዱትና ይቁረጡት። ጩጬም እስከዚያ ከተንጠለጠለ ነገር ሥር እንዳይገባ ይንገሩት፤ እጁንም ቢሆን። እርስዎን ይሰማል።

የእህትዎ ልጅ


ታኅሣሥ 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከርመሃል? እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ፖስታ ቤቱ ውስጥ ከሌላ ሰው ደብዳቤ ጋር ተጣብቆ ነበር አሉኝ፤ አምናቸው ዘንድ ግድ ነው።

አንብቤ እንደጨረስኩ ጋራዥ ሄድኩ። ወንድምህ ከመኪና ሥር ነበር፤ እግሩን አየሁት። «ውጣ፣ ታላቅህ ጽፏል» አልኩት። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ በሀገሩ ጉንፋን ሲይዘው እኛን ነው መድኃኒት የሚያጠጣን?» አለ።

«ቀልዱን ተወው፤ ቀበቶው የተጣለ ነው ይላል።»

«የተጣለ! አራት ሞተር አንስታለች። አንተስ የጡረታ ደብዳቤ ሲሰጡህ ማስተማር ረስተህ ነበር?»

ይህን ሲል እዚያ ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ልዋሽህ። ግን ቀበቶውን አውርዶ ሰጠኝ። «ውሰዳት፤ አንተ ጋ ትደር። እኔ በሽቦዬ እሠራለሁ» አለኝ። ከፍቶታል። ጀርባውን ሰጥቶኝ ቁልፎች መደርደር ጀመረ፤ የተደረደሩትን ቁልፎች።

ቤት ገብቼ ቀበቶውን መስኮት ሥር ዘረጋሁት፤ በማንበቢያ መስታወቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከትኩት። መለያው ያለበት ቦታ ክር ብቻ ነው የቀረው። በግራ በኩል ዳሩ ላይ የጥፍሬን ግማሽ የሚያህል ተቆርጧል። አንደኛው ቀለበት ስፌቱ ላይ ተቦጭቋል፣ ጭረቱ ግን ላይ ላዩን ብቻ ይመስላል። ሲታጠፍ አይንኮሻኮሽም።

እንግዲህ ሳልጠይቅ የማልሠራ ሰው መሆኔን ታውቃለህ። አንደኛ፣ የጥፍር ግማሽ የሚያህል መቆረጥ ከትልቅ መቆረጥ ይለያል ወይ? ሁለተኛ፣ ቀለል ያለ ዕቃ ብቻ ቢያነሳበትስ? ሦስተኛ፣ አራት ሞተር ማንሳቱ ማስረጃ አይሆንም ወይ? ሦስተኛው የወንድምህ ጥያቄ ነው፤ ግን መልስ የሚገባው ይመስለኛል። መልስህ እስኪመጣ ቀበቶው አልጋዬ ሥር ሣጥን ውስጥ ነው። ቁልፉም እኔ ጋ ነው።

ቸሩ ፈጣሪ ክፉ አያሰማን።

አጎትህ


ጥር 22 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ሰላምዎ ይብዛ። ሦስቱንም እመልሳለሁ።

አንደኛ፣ አይለይም። የተቆረጠ ዳር ጭነት ሲያርፍበት ይቀጥላል፤ ሻሽ በጥርስ ከተጀመረ በኋላ እንደሚቀደደው ነው። ሁለተኛ፣ ቀላልና ከባድ የሚባለው መለያ ላለው ዕቃ ነው። የማሰሪያው አያያዝ እንኳ የሚችለውን ክብደት ይለውጠዋል፤ ከመንጠቆው የሚወርዱት ሁለቱ እግሮቹ ወደ ጎን በተራራቁ ቁጥር ጭነቱ ሳይጨምር ቀበቶው ላይ ያለው ጫና ይጨምራል። ጩጬ «ቀላል» ያለው ሞተር ለቀበቶው ቀላል ላይሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ አራት ጊዜ ማንሳቱ የሚያሳየው አራት ጊዜ መድከሙን ነው።

ጋሼ፣ ይህን ልጽፍልዎ አልፈለግሁም ነበር። እኛ ክፍል «ሳቂታው» የምንለው ሰው ነበር። የሽቦ ገመድ ሊበጠስ ሲል ይጮኻል፣ ክሩ አንድ በአንድ ጧ ጧ ይላል፤ ሰው ለመሮጥ ጊዜ ያገኛል። ቀበቶ አይጮኽም። ሳቂታው ከፎርማኑ ጋር እየተጨቃጨቀ ነበር፣ እጁን ጭነቱ ላይ አድርጎ። ቀበቶው ተበጥሶ ጭነቱ ወደቀበት፤ አፉ እንደተከፈተ ቀረ። ማንም «ተጠንቀቅ» አላለም፤ ለማለት የሚያበቃ ድምፅ አልነበረምና።

ስለዚህ አይጠይቁኝ። ይቁረጡት፤ ዛሬውኑ ይቁረጡት።

አዲስ ቀበቶ ልገዛለት ሱቅ አናግሬያለሁ። ከነመለያው፣ ከነወረቀቱ እልካለሁ። እስከዚያ የሽቦ ገመዱንም ይዩለት፤ በባዶ እጅ አይዳስሱት፣ በጨርቅ ይዘው ይጎትቱት። ጨርቁ በየቦታው ከተያዘ ሽቦው አልቋል ማለት ነው። ጩጬን ለእኔ ብለው ይሳሙልኝ፤ ሲሳም እንደማይወድ አውቃለሁ፣ ለዚያ ነው።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 26 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ከደስታ ጋር ይድረስህ። ቆርጬዋለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ወንድምህ ፊት እንዲሆን ፈለግሁ፤ ተደብቆ የተሠራ ነገር አይታመንምና። ቀበቶውን ጋራዥ ይዤ ሄድኩ። መቀሱ እምቢ አለ። ቢላዋውም ላዩን ላጨው እንጂ አልገባም። በመጨረሻ ራሱ ጩጬ የብረት መጋዙን አቀበለኝ። «በቃ፣ እርድ ከሆነ በደንብ ይሁን» አለ። መሐሉን ለክቼ፣ በጠመኔ አስምሬ፣ በዚያው ላይ ቆረጥኩት። ሁለቱም እኩል ወጡ።

ጩጬ ቁራጮቹን አንስቶ አቧራቸውን አራገፈ። «እነዚህንስ ልታቃጥላቸው ነው?» ሲለኝ አሳዘነኝ። «ማንሻ አይሁኑ እንጂ ለዕቃ ማሰሪያ ያገለግላሉ» ብዬ ሰጠሁት። ትርፍ ጎማ ያስርባቸዋል።

ከዚያ የሽቦ ገመዱን አንተ እንዳስተማርኸኝ በጨርቅ ጎተትኩት። ጨርቁ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ተያዘ፤ ተቀደደም። «ይህም አላለፈም» አልኩት። ወንድምህ ሽቦውን ተመለከተ፣ እኔን ተመለከተኝ፣ ባዶውን መንጠቆ ተመለከተ። «እሺ ጋሼ፤ በጥርሴ ላንሳው?» አለኝ። ግን ሽቦውን አውጥቶ ለብረት ገዢው ሰጠው፤ ዓይኔ እያየ። አሁን ጎማ መቀየርና ፍሬን ማስተካከል ብቻ ነው የሚሠራው። ሞተር የሚወጣላቸው መኪኖች ወደ ማዶው ጋራዥ ይሄዳሉ። ሲያልፉ ከበሩ ላይ ሆኖ የሰሌዳ ቁጥራቸውን በቃሉ ይጠራልኛል።

ስለዚህ የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ አዲሱን ቀበቶ ፍጠን። ሌላ ምንም አንፈልግም። ተማሪህ ፈተናውን አልፏል ብለህ ደስ ይበልህ።

አጎትህ


መጋቢት 27 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሳነብ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ሰው የተነሳ መሰለኝ። ከዚያ ደግሜ አነበብኩት።

ለሁለት ብቻ ነው የቆረጡት፤ ከመሐሉ። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ አልጻፍኩልዎትም። እዚህ «ቁረጠው» ሲባል ማንም አይጠይቅም፤ ከስንዝር እያነሰ ይቆራረጣል። ቀለበቶቹም ለብቻ ይሰነጠቃሉ። ረዥም ቁራጭ ከቀረ ቋጥሮ ወይም ሰፍቶ የሚያነሳበት ሰው አይጠፋም ተብሎ ነው። የተቋጠረ ቀበቶ አንዱንም ማመን አይቻልም፤ በእጅ የተሰፋማ ከናካቴው። ይህን ሁሉ እያወቅሁ «ይቁረጡት» ብዬ ዘጋሁ። እዚህ የማያውቀው ሰው ስለሌለ መጻፍ ያለበት ነገር መሆኑ አልታየኝም።

ምናልባት በከንቱ እየተጨነቅሁ ይሆናል። ጎማ ማሰሪያ ከሆነ ጎማ ማሰሪያ ነው። ቢሆንም ጋሼ፣ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰ ሁለቱን ግማሾች ከእጁ ይቀበሉት፣ ስንዝር ስንዝር ያድርጓቸው።

አዲሱ ቀበቶ ተገዝቷል። የእኛው በያጅ ለዕረፍት ወደ እናንተ ስለሚመጣ ይዞት ይመጣል፤ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ይደርሳል። ራሴ ሦስት ጊዜ መረመርኩት። የተሰፋበትን መለያ እንዳይቆርጡት፣ «አያምርም» ብሎ የሚቆርጠው ሰው አለ። ጩጬን ትንሽ ይታገሥ ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 3 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

እንደምን አሉ? በያጁ ከዕረፍት ተመልሷል። ቀበቶውን ለእርስዎ በእጅዎ እንደሰጠ ነገረኝ። «ሽማግሌው እንዴት ናቸው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ተቀበሉኝ፣ አመሰገኑኝ» አለ። «ወንድሜንስ አየኸው?» ስለው ጓንቱን ፈለገ። ጓንቱ እጁ ላይ ነበር።

ከእርስዎ ደብዳቤ አልመጣም።

ሰሞኑን ምርመራ ላይ ምንም አላሳልፍም። ትናንት ከመደርደሪያው ግማሹን ቀይ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት። ፎርማኑ መጥቶ፣ «ሰውዬ፣ ዛሬ በምን ልናነሳ ነው? በጸሎት?» አለኝ። አንዱን ሰንሰለት አንስቶ ሲያሳየኝ ምንም አልነበረበትም። ዓይኔ ያላየውን ጉዳት እጄ የሚያገኝ ይመስለኛል።

አንድ መስመር ቢሆንም ይጻፉልኝ። ጩጬ ራሱ ይጻፍልኝ፤ ፊደሉ ቢጠማመምም አነበዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ


ግንቦት 30 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

በጤና ያግኝህ። ይህን ሰላምታ ጽፌ የቀደድኩት ወረቀት ብዙ ነው። ከሰላምታው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አላውቅ ብዬ ነው የዘገየሁት፤ ከእንግዲህ ግን አላዘገየውም።

ወንድምህ ሞቷል። ያኔ ያ የስንዝሩ ደብዳቤህ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ከቀበርነው በኋላ ነው የደረሰኝ።

ያወቅሁትን በቅደም ተከተል እጽፍልሃለሁ። የአንድ ትልቅ መኪና ባለቤት ሞተር እንዲያወጣለት ለመነው፤ ማዶው ጋራዥ ተራ በዝቶበት ነበር። ጩጬ ሁለቱን ግማሾች ይዞ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ጫማ ሰፊ ሄደ። ጫማ ሰፊው ነው የነገረኝ። «ለምን ነው?» ብሎ ጠይቆታል። «ለዕቃ ማሰሪያ» አለው። ጫማ ሰፊው ግማሾቹን ክንድ ያህል ደራርቦ፣ በሰም በተነከረ ድርብ ክር ዙሪያውን ሰፋው፤ መሐሉንም በመስቀለኛ። እንደዚያ ያለ ስፌት በሕይወቱ እንዳልሰፋ ማለልኝ። ጩጬም ስፌቱን በጥቁር ፕላስተር ጠቀለለው፤ እኔ በዚያ ሳልፍ እንዳላየው።

ሞተሩ ተነሥቶ ነበር። አንድ ብሎን ከታች ያዘና አልለቅ አለ። ገባ። አብረውት የነበሩት እንዲህ ነው የሚሉት፤ «ጋሼ ቢያየኝ ይገድለኝ ነበር» ብሎ ስቆ ነው ከሞተሩ ሥር የገባው። ድምፅ አልነበረም ይላሉ፤ አንተም ቀበቶ አይጮኽም ብለህ ጽፈህልኛል።

አንተን ልወቅስ አልጻፍኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ተማሪዎቼን የምቀጣበት አንድ ነገር ነበር፤ ለራሳቸው ግልጽ የሆነላቸውን እርምጃ ዘለው መልሱን ሲጽፉ። አንተ ዘለልህ። እኔ ደግሞ ሦስት ጥያቄ ጠይቄ አራተኛውን አልጠየቅሁም፤ «እያነሰ እስከ ምን ድረስ?» ብዬ። ገመዱንም ከእጁ ወሰድኩበት፣ ቀበቶውንም ወሰድኩበት። ባዶ መንጠቆ ትቼለት ሄጄ ፈተና አለፍኩ ብዬ ጻፍኩልህ።

አዲሱ ቀበቶ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ከነመለያው። የሚችለውን ክብደት አነበብኩት፤ ወንድምህ ያነሳውን ዓይነት ሞተር ሁለት አንድ ላይ ይችል ነበር።

ጫማ ሰፊው በየጠዋቱ ሥራ ሳይጀምር መጥቶ በሬ ላይ ይቆማል። አያንኳኳም። እኔም አልከፍትም። ሁለታችንም መቆማችንን እናውቃለን።

የወንድምህ ሚስት ከእናቷ ጋር ናት። ጋራዡ ተዘግቷል።

አጎትህ


ሐምሌ 4 ቀን

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደረሰኝ። አነበብኩት።

እርስዎን ማጽናናት ነበረብኝ፤ ጋሼ፣ አልቻልኩም። ከምርመራ አውጡኝ ብዬ አመለከትኩ። አሁን ቀይ ሣጥኑ ላይ ነኝ። የተጣለውን እቆርጣለሁ። ፎርማኑ ትናንት አጠገቤ ቆሞ፣ «ይህን ያህል አታድቅቀው፣ ሾርባ ልትሠራበት ነው?» አለኝ። መቁረጤን ቀጠልኩ።

በደብዳቤዎ ውስጥ ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። የተሰፋው ቀበቶ አሁን የት ነው?

ጋራዡ ተዘግቷል ብለዋል። ዕቃውስ? ተሸጠ? ለማን? ጋሼ፣ እኛ ሰፈር ምን እንደሚጣል አውቃለሁ፤ ምንም አይጣልም። የተበጠሰው ስፌቱ ነው፤ ቀለበቶቹ ደህና ናቸው። አንድ ሰው ያነሳውና «ምን ጎደለው» ይላል። እባክዎ ይፈልጉት። ሌላ የምለምንዎት ነገር የለኝም።

የእህትዎ ልጅ


ነሐሴ 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ባለህበት ፈጣሪ አይለይህ።

ደብዳቤህን እንዳነበብኩ ወደ ጩጬ ሚስት ሄድኩ። መሣሪያዎቹን ሁሉ ለማዶው ባለጋራዥ ሸጣቸዋለች። «በምን ጠቅልሎ ወሰዳቸው?» አልኳት። አሰበች። «በሸራ» አለች። «ሸራውንስ በምን አሰረው?» ስላት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ማዶ ተሻግሬ ሄድኩ። ሁለቱም ግማሾች ግድግዳው ላይ ከሚስማር ተንጠልጥለዋል፤ ቢጫው ታጥቧል። ባለጋራዡ ደህና ሰው ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። ስለ ቀበቶው ስጠይቀው፣ «አባት፣ ምን ጎደለው? ስፌቱ ብቻ ነው የለቀቀው፤ በጠንካራ ክር አሰፋዋለሁ» አለኝ። በማግስቱ አዲሱን ቀበቶ ይዤ ተመልሼ፣ «በዚህ ቀይረኝ» አልኩት።

«አዲሱን በአሮጌ?»

«አዎ።»

አገላብጦ አየው። «ጤና የለዎትም እንዴ አባት?»

«ጡረታ ላይ ነኝ» አልኩት። መለያውን እንዳይቆርጠው፣ ሹል ማዕዘን ላይ እንዳያሳርፈው፣ ጠዋት ጠዋት ዳሩን በጣቱ እንዲዳስስ፣ ከሥሩም ሰው እንዳይገባ ነገርኩት። እንዲደግምልኝ ጠየቅሁት። አፍሮ ደገመው፤ አንዱን ረስቶ ነበር፣ እንደገና አስባልኩት። ለወንድምህ የገዛኸው ቀበቶ እዚያ ነው፤ የሚያነሳው የሌላ ሰው ሞተር ነው።

አሮጌውን ወደ ቤት አመጣሁት። በሬ ላይ ጫማ ሰፊው ቆሞ ነበር። ከፈትኩለት። ምን እንደያዝኩ ሲያይ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የብረት መጋዝ አልነበረኝም፤ እሱ የጫማ ሶል የሚቆርጥበትን ስለት አወጣ። እኔ በማስመሪያ ለካሁ፣ እሱ ቆረጠ። ቀለበቶቹንም ሰነጠቅን። ስንጨርስ ስለቱን ጠርጎ ሄደ። በማግስቱ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲህም አልመጣም።

ቁራጮቹን ቆጥሬ አቃጠልኳቸው፤ ሽታው እስከ አሁን መጋረጃው ላይ አለ። አንዷን ብቻ አስቀርቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ ፖስታውን ዳስሶ፣ «ውስጡ ምንድን ነው?» አለኝ። «የቤት ሥራ ነው» አልኩት።

ስንዝር ያልኸው የአንተን ይሁን የእኔን አልጻፍክልኝም፤ እጃችን እኩል አይደለም። ስለዚህ በወንድምህ ሚስት እጅ ለካሁት፣ እጇ ትንሽ ነውና።

ስትደርስህ በራስህ እጅ ለካት። ከስንዝርህ ታንሳለች ወይስ አታንስም? ጻፍልኝ።

አጎትህ